ጤነኛ ትመስል የነበረች እናት
በነፍሰ ጡሮች ላይ ስለሚደርሰው ቂጥኝና ስለ ሕክምናው ታሪክ የቀረበ አጭር ጥናት

ስለ ቂጥኝ የተጻፈው ታሪክ ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ አብዛኛው የሚተርከው ስለ ወታደሮችና ስለ መርከበኞች፣ ስለ ነገሥታትና ስለ ዝነኛ ሰዎች ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ሥፍራ ጠባብ ነው፤ ስሟ የሚነሣውም ብዙውን ጊዜ ስለ ልጇ በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ በጎን ነው። እኛ በዚህች አጭር ጥናት ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ በጎን የቀረውን ክፍል ነው። ጥያቄያችንም የሚከተለው ነው፤ ሕፃን ታሞ ሲወለድ ሐኪሞች ሕፃኑን አዩ፣ አባቱን ጠየቁ፣ አጥቢዋን መረመሩ፤ እናቲቱን ግን «ይህችስ ደኅና ናት» ብለው ያለፏት ስለ ምንድን ነው? ይህ አስተሳሰብስ ሕክምናውን ምን ያህል አዘገየው? ነገሩ የተፈጸመው በአብዛኛው በአውሮጳና በአሜሪካ ስለሆነ ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲረዳልን እንለምናለን።

አስቀድሞ ስለ በሽታው ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ቂጥኝ የሚመጣው ትሬፖኔማ ፓሊዱም ከምትባል፣ እንደ ቡሽ መንቀያ ከተጠማዘዘች ረቂቅ ባክቴሪያ ነው። መጀመሪያ ሕመም የሌለው ቁስል ይወጣል፤ በሴት ላይ ቁስሉ በውስጥ በኩል ሲሆን ብዙ ጊዜ ሳይታይ ይድናል። ከሳምንታት በኋላ በገላ ላይ ሽፍታ ይወጣል፤ እርሱም ይጠፋል። ከዚያ በኋላ በሽታው ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ በሰውነት ውስጥ ይኖራል። ሴቲቱ ትሠራለች፣ ትበላለች፣ ታገባለች፣ ትፀንሳለች፤ ምንም አይሰማትም። ባክቴሪያዋ ግን ከእናቲቱ ደም በእንግዴ ልጁ በኩል አልፋ ጽንሱን ትይዛለች። በሽታው አዲስ ሆኖ ሳይታከም ከቀረ ከግማሽ የሚበልጡት እርግዝናዎች በጎ ፍጻሜ የላቸውም፤ ጽንሱ ይጨነግፋል፣ ወይም ልጁ ሞቶ ይወለዳል፣ ወይም ቀኑ ሳይደርስ ይወለዳል፣ ወይም በሽታውን ይዞ ይወለዳል። ደኅና መስሎ ተወልዶ ከሳምንታት በኋላ አፍንጫው የሚታፈን፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ የሚላላጥ፣ እንደ ሽማግሌ ፊቱ የሚጨማደድ ሕፃንም አለ። እንግዲህ የዚህ ታሪክ ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ላይ ነው፤ የሚታየው ሕመም በልጁ ላይ ነው፤ ምንጩ ግን ምንም በማይታይባት ሴት ውስጥ ነው።

በሽታው በአውሮጳ በግልጽ የታወቀው የፈረንሳይ ንጉሥ ስምንተኛው ሻርል ወደ ናፖሊ በዘመተ ጊዜ፣ በ1495 ነው። ሐኪሞች ወዲያው የያዙት መድኀኒት ባዜቃ ነበር፤ ከስብ ጋር ለውሰው ገላን ይቀቡበታል፣ ወይም በእሳት አጢሰው ያጥኑበታል። ባዜቃ ቁስልን ያደርቃል፤ ነገር ግን ድድን ያቆስላል፣ ጥርስን ያረግፋል፣ ምራቅን በብዛት ያፈስሳል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። በአገራችንም ባዜቃ ለቂጥኝ ሲሰጥ እንደነበረ ወደ ኢትዮጵያ የመጡ መንገደኞች ጽፈዋል። ከዚህ ሌላ ወሸባ የተባለው ሕክምና ነበረ፤ ይህም ከዐረቦች «ዑሽባ» እንደመጣ የሚነገር፣ ከአንድ ሐረግ ሥር የሚጠጣ መድኀኒት ሲሆን፣ በሽተኛው ከሰው ተለይቶ፣ ቤት ዘግቶ፣ ምግቡን መርጦ የሚወስደው ነው። ዛሬ «ወሸባ ገባ» የምንለው ከሰው ተለይቶ መቀመጥን ነው፤ የሐረጉን ሥር የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ከዚሁ ጋር ሌላ ቃል እናንሣ። ልጆቿ እየተከታተሉ የሚሞቱባት ወይም ጽንሱ የማይረጋላት ሴት በአገራችን «ሾተላይ አለባት» ትባላለች። የዛሬ ሐኪሞች ይህን ስም ወስደው አር ኤች ለሚባለው የደም አለመስማማት ሰጥተውታል። አያቶቻችን ግን በዚህ ስም የሚጠሩት ምክንያቱን ሳይሆን የሚታየውን ነበረ፤ በዚያ ስም ሥር ብዙ ዓይነት ምክንያት ሊኖር ይችላል። ሾተላይ ሁሉ ቂጥኝ ነበረ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን የተከታታይ ልጆችን ሞት ሰው ሁሉ አይቶ ስም ሲያወጣለት ምክንያቱ ሳይታወቅ ሊኖር እንደሚችል ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። የአውሮጳ ሐኪሞችም ከዚህ የተሻለ አላወቁም ነበር፤ ልዩነቱ እነርሱ ላላወቁት ነገር «ሕግ» የሚል ስም መስጠታቸው ነው።

ወደዚያ ሕግ ከመድረሳችን በፊት በፓሪስ አጠገብ ቮዢራር በተባለ ሥፍራ በ1780 የተከፈተውን ሆስፒታል ማየት ይገባል። በዚያ ዘመን በፓሪስ ተጥለው የሚገኙ ሕፃናት እጅግ ብዙ ነበሩ። ከእነርሱ ውስጥ በቂጥኝ የታመመውን ሕፃን ጤነኛ አጥቢ ብትይዘው በሽታው ከሕፃኑ አፍ ወደ ጡቷ ይተላለፋል፤ እርስዋም ወደ መንደሯ ተመልሳ ባሏንና የራሷን ልጅ ታስይዛለች። ስለዚህ አጥቢዎች ፈርተው ሕፃናቱን እምቢ አሉ። የከተማው የፖሊስ ሹም የነበሩት ሌኗር ከሐኪሞች ጋር መክረው አንድ ዘዴ አቆሙ። በቂጥኝ የታመሙ ድኻ ነፍሰ ጡሮች ወደ ሆስፒታሉ እንዲገቡ፣ በዚያም ባዜቃ እንዲቀቡ ተደረገ። ከወለዱ በኋላ ሴቲቱ የራሷን ልጅና አንድ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ታጠባለች፤ ባዜቃው በወተቷ በኩል ወደ ሁለቱ ሕፃናት ያልፋል ተብሎ ይታመን ነበር።

ይህን ዘዴ በሁለት ወገን መመልከት ይቻላል። በአንድ ወገን ነፍሰ ጡሯ ሴት ከመውለዷ በፊት ሕክምና እንድታገኝ ተብሎ አንድ ቤት ተለይቶ መቆሙ በዘመኑ አዲስ ነገር ነው። በሌላ ወገን ግን ሴቲቱ የታከመችው ስለ ራሷ አልነበረም፤ መድኀኒት ማሳለፊያ ዕቃ ሆና ነው። ባዜቃ በወተት የሚያልፈው ለመፈወስ በማይበቃ መጠን ስለሆነ ብዙዎቹ ሕፃናት ሞቱ። ቤቱም በአብዮቱ ዘመን ተዘግቶ ሥራው ወደ ሌላ ሆስፒታል ተዛወረ። ቢሆንም ከቮዢራር ትልቅ ትምህርት ሊወሰድ ይችል ነበር፤ ይኸውም ልጁን ለማከም ከሁሉ በፊት እናቲቱን ማከም እንደሚገባ ነው። ቀጥሎ የመጣው ክፍለ ዘመን ግን ይህን ትምህርት ወደ ኋላ መለሰው።

በ1837 በደብሊን የቀዶ ሕክምና መምህር የነበሩት አብርሃም ኮሌስ አንድ መጽሐፍ አወጡ። እኒህ ሰው በሕክምና ተማሪዎች ዘንድ ዛሬም የሚታወቁት በስማቸው በሚጠራው የእጅ አንጓ ስብራት ነው። በዚህ መጽሐፋቸው ግን ስለ ቂጥኝ አንድ የታዘቡትን ነገር ጻፉ። ቂጥኝ ይዞ የተወለደ ሕፃን ጤነኛ አጥቢን ያስይዛል፤ የገዛ እናቱን ግን፣ እርስዋ ምንም የበሽታ ምልክት ሳይኖርባት፣ ሲያስይዝ አይተውም ሰምተውም እንደማያውቁ ገለጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሊዮን ከተማ ባውሜስ የተባሉ ሐኪም ይህንኑ ተናገሩ። ነገሩም «የኮሌስ ሕግ» ተባለ።

ኮሌስ ያዩት እውነት ነበር። አስተያየታቸውም ለሥራ ጠቀመ፤ የታመመ ሕፃን ለሌላ አጥቢ ሳይሰጥ በእናቱ ጡት ይደግ የሚለው ደንብ ከዚህ የተነሣ ጸና፤ ስንት ድኻ አጥቢዎችም ከበሽታው ዳኑ። ጥፋቱ የመጣው ከትርጓሜው ነው። እናቲቱ በልጁ የማትያዘው ስለ ምንድን ነው? ዛሬ መልሱ ቀላል ነው፤ አስቀድሞ ስለተያዘች ነው። የዚያ ዘመን ሊቃውንት ግን ዓይናቸው ያየውን አመኑ፤ ምልክት የለባትምና ጤነኛ ናት አሉ። ጤነኛ ከሆነች ሕፃኑ በሽታውን ከወዴት አመጣው? ከአባቱ ዘር ነው አሉ። አባትየው ቂጥኙን በዘሩ ውስጥ አድርጎ ለልጁ ያወርሰዋል፤ እናቲቱም የታመመ ጽንስ በማኅፀኗ ስለተሸከመች በሽታው እንዳይዛት የሚከላከል ኀይል ታገኛለች ተባለ። ሌሎች ደግሞ ጽንሱ እናቱን በማኅፀን ሳለ ተመልሶ ያስይዛታል አሉ። ስለዚህ በሽታው በዘመኑ መጻሕፍት «የውርስ ቂጥኝ» ተብሎ ተጻፈ፤ እንደ ርስትና እንደ ስም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሆነ ማለት ነው።

በ1865 የሲሲሊያው ፕሮፌታ ሌላ ሕግ ጨመሩ፤ ከታመመች እናት ጤነኛ ሆኖ የተወለደ ልጅ በጡቷ አይያዝም የሚል ነው። በቪየና ደግሞ ማክስ ካሶቪትስ በአንዲት ሴት ተከታታይ እርግዝናዎች ላይ የበሽታው ኀይል እየቀነሰ እንደሚሄድ አስተዋሉ፤ መጀመሪያ ጽንሱ ይጨነግፋል፣ ቀጥሎ የሞተ ልጅ ይወለዳል፣ ቀጥሎ የታመመ፣ በመጨረሻ ደኅና ይወለዳል። በለንደን ጆናታን ሐቺንሰን ከዚህ በሽታ ተርፈው ያደጉ ልጆችን በሦስት ምልክት ለዩ፤ የፊት ጥርሳቸው ጫፍ ይጎረዳል፣ የዓይናቸው ብሌን ይደፈርሳል፣ ጆሯቸው ይደነቁራል። እነዚህ ሁሉ ጥሩ ታዛቢዎች ነበሩ፤ ትዝብታቸውም በአብዛኛው ዛሬም ያገለግላል። ይሁን እንጂ ሁሉም የተመለከቱት ልጁን ነው።

እኛ እንደሚመስለን ይህ ትርጓሜ ያን ያህል ዘመን የቆየው በዕውቀት ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ለቤተ ሰብም የተመቸ ስለነበረ ነው። በዚያ ዘመን የአውሮጳ ከተሞች ሐኪም የሚጠራውና የሚከፈለው በባልየው ነው። ባልየው ከጋብቻ በፊት የያዘውን በሽታ ሚስቱ እንድታውቅበት አይፈልግም፤ ሐኪሙም የሙያ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሚስቲቱን ለማከም በሽታዋን መንገር ያስፈልጋል፤ በሽታዋን መንገር ደግሞ ባልየውን መግለጥ ነው። «እናቲቱ ደኅና ናት» የሚለው ትምህርት ሐኪሙን ከዚህ ጭንቅ ያወጣዋል። የፓሪሱ ታላቅ ሐኪም አልፍሬድ ፉርንዬ በ1880 ስለ ቂጥኝና ስለ ጋብቻ ባወጡት መጽሐፍ፣ የታመመ ወንድ ለዓመታት ሳይታከም እንዳያገባ አጥብቀው መክረዋል። ምክራቸው መልካም ነበር፤ ነገር ግን የተነገረው ለወንዱ ነው። ብሪዩ የተባሉ ደራሲ ይህንኑ ነገር ቴያትር አድርገው ለፉርንዬ መታሰቢያ ሰጡ፤ በ1901 የፓሪስ ሳንሱር ከለከለው። በቴያትሩ ውስጥ የሐኪሙን ምክር ጥሎ ያገባ ሰው፣ የታመመ ሕፃንና የተታለለች አጥቢ ይታያሉ።

ይህን ትምህርት በግልጽ ከተቃወሙት አንዱ የቪየናው ማትሰናወር ናቸው፤ በ1903 እናቲቱ ሳትያዝ ጽንሱ ሊያዝ እንደማይችል፣ ከአባት ብቻ የሚወረስ ቂጥኝ እንደሌለ ተከራከሩ። ክርክሩ በቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳያልቅ በቆየ ነበር፤ የፈረደው ላቦራቶሪው ነው። በ1905 በበርሊን ሻውዲንና ሆፍማን የበሽታውን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ አዩ። በ1906 አውጉስት ቫሰርማን ከናይሰርና ከብሩክ ጋር ሆነው በደም ቂጥኝን የሚለይ ምርመራ አወጡ። እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚነካ ነገር አለ፤ ለዚህ ምርመራ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቅመም የተገኘው በቂጥኝ ከሞቱ ሕፃናት ጉበት ነው። ምርመራው እንደተገኘ ሐኪሞች የታመመ ልጅ የወለዱትን፣ ኮሌስ ጤነኞች ያሏቸውን ዓይነት እናቶች ደም መረመሩ። ሁሉም ማለት ይቻላል በሽታው ተገኘባቸው። ሰባ ዓመት የቆየ ሕግ በአንድ ብልቃጥ ደም ወደቀ።

ከዚህ ጋር ለማነጻጸር ስለ ሌላው የአባለ ዘር በሽታ፣ ስለ ጨብጥ አንድ ነገር እንናገር። ጨብጥ ያለባት ሴት ስትወልድ ተሐዋሱ በሕፃኑ ዓይን ገብቶ ያሳውረዋል። በላይፕሲክ የማዋለጃ ሆስፒታል ሹም የነበሩት ካርል ክሬዴ መጀመሪያ የሞከሩት እናቶቹን በማጠብ ማከም ነበር፤ አልተሳካላቸውም። በ1880 ግን ገና የተወለደው ሕፃን ሁሉ በዓይኑ ላይ ሁለት ከመቶ የብር ናይትሬት ውሀ ጠብ እንዲደረግለት አዘዙ። በሆስፒታላቸው ከመቶ ዐሥር ያህል የነበረው የዓይን ሕመም ከመቶ ከአንድ በታች ወረደ። በዚህ ላይ እናቲቱን ትቶ ልጁን ማከም በቃ፤ ምክንያቱም ጨብጡ ልጁን የሚይዘው በአብዛኛው በመወለጃው ሰዓት ነውና። ቂጥኝ ግን ቀደም ብሎ በማኅፀን ስለሚያልፍ የክሬዴን መንገድ መከተል አይቻልም ነበር። ሁለቱን በሽታዎች አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው ይህን ልዩነት ይስታል።

በ1909 በፍራንክፉርት ፓውል ኤርሊክና ጃፓናዊው ሐታ ሳሃቺሮ ከአርሰኒክ የተሠራውን ሳልቫርሳን አገኙ፤ በ1910 ለገበያ ቀረበ። በ1921 በፓሪስ ቢስሙት ተጨመረ። ነፍሰ ጡሮች በዚህ መድኀኒት ሲታከሙ ከበሽታ ነጻ የሆኑ ልጆች በብዛት መወለዳቸው ግልጽ ሆነ። ታዲያ ለምን ነገሩ አላለቀም? አንደኛው ምክንያት መድኀኒቱ ራሱ ነው። አርሰኒክና ቢስሙት በየሳምንቱ፣ እየተፈራረቁ፣ ከአንድ ዓመት በላይ የሚወጉ ነበሩ፤ እርግዝና ዘጠኝ ወር ነው። ማስታወክ፣ የጉበት መታወክ፣ አልፎ አልፎም ሞት ያስከትሉ ነበር። ልጅ ያላት፣ ተቀጥራ የምትሠራ ድኻ ሴት በየሳምንቱ ከሥራዋ ቀርታ፣ በሽታዋን ጎረቤት በሚያውቀው በር ቆማ ተራ መጠበቅ ነበረባት። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይብሳል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ምጥ ሳይዛት ወደ ሐኪም የምትሄድበት ልማድ አልነበረም።

ይህን ልማድ ለማቆም በኤዲንብራ ጆን ባላንታይን የተባሉ ሐኪም በ1901 ነፍሰ ጡሮች ከመውለዳቸው በፊት የሚታዩበት ሆስፒታል ያስፈልጋል ብለው ጻፉ፤ በዚያው ዓመት በከተማው የማዋለጃ ሆስፒታል ለዚህ ሥራ አንድ አልጋ ተሰጠ። አንድ አልጋ! ዛሬ የቅድመ ወሊድ ክትትል የምንለው ሥራ ከዚህ ዓይነት ትንሽ ነገር ተነሥቷል። በአሜሪካ በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የማዋለድ መምህር የነበሩት ዊትሪጅ ዊሊያምስ በ1915 የ10,000 ወሊዶችን መዝገብ መርምረው 705 ጽንሶችና ሕፃናት እንደሞቱ፣ ከእነዚህም ከሩብ የሚበልጡት በቂጥኝ እንደሞቱ አስታወቁ። ከሌሎቹ ምክንያቶች አንዱም ይህን አያህልም ነበር። ዊሊያምስ ይህን ያወቁት የእንግዴ ልጁን ሁሉ በማይክሮስኮፕ የመመርመር ልማድ ስለነበራቸው ነው፤ ሌላ ሰው የሚጥለውን እርሳቸው አዩ።

እንግሊዞች በ1913 ንጉሣዊ የምርመራ ኮሚሲዮን አቁመው፣ ኮሚሲዮኑ በ1916 ባቀረበው ቃል መሠረት በየአውራጃው ነጻና ምስጢር የሚጠበቅበት ሕክምና እንዲቋቋም ወሰኑ፤ ከወጪው ከመቶ 75 የሚሆነውን መንግሥት ቻለ። በእኛ አስተያየት ከዚህ ውሳኔ ውስጥ ትልቁ ነገር ገንዘቡ ሳይሆን ምስጢሩ ነው፤ አሁን ምስጢር የሚጠበቅላት ለሴቲቱም ሆነ። አሜሪካኖች በሌላ መንገድ ሄዱ። የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም የሆኑት ቶማስ ፓራን ከ1936 ጀምሮ «ቂጥኝ» የሚለውን ቃል በጋዜጣና በራዲዮ እንዲነገር ታገሉ፤ በ1938 የኒው ዮርክና የሮድ አይላንድ ክፍላተ አገር ነፍሰ ጡር ሁሉ ደሟ እንዲመረመር በሕግ አዘዙ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። ሁሉን የሚመለከት ትእዛዝ አንዲቱን ለይቶ አያሳፍርም፤ የሕጉ ጥበብ ይኸ ነው።

ይሁን እንጂ የዚሁ አገር የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት በዚሁ ዘመን በአላባማ፣ ቱስኪጊ በተባለ ሥፍራ 399 ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁሮች ወንዶች በሽታቸውን ሳይነግር፣ ሳያክም፣ ከ1932 እስከ 1972 ሲመለከታቸው ኖረ። ስለዚህ ግፍ ሲጻፍ የሚነገረው ስለ ወንዶቹ ነው። ሚስቶች ነበሯቸው፤ ሚስቶቹም ይፀንሱ ነበር። ለሚስቶች፣ ለመበለቶችና ለልጆች ሕክምና እንዲሰጥ የተፈቀደው በ1975 ነው።

በ1943 በኒው ዮርክ ስታተን አይላንድ ዶክተር ጆን ማሐኒና ባልደረቦቻቸው አራት ሕሙማንን በፔኒሲሊን አከሙ፤ ቂጥኙ ጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት መድኀኒቱ ለነፍሰ ጡሮች መሰጠት ተጀመረ። ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅ የነበረው ሕክምና ወደ ቀኖች ወረደ፤ በ1950ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ሲገኝ ደግሞ አዲስ ለሆነ በሽታ አንድ ጊዜ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት መርፌ በቃ። ዘግየት ላለ በሽታ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንት ይወጋል። መድኀኒቱ ከጡንቻ ውስጥ በዝግታ እየወጣ በደም ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል፤ ባክቴሪያዋ የምትራባው ቀስ ብላ ስለሆነ ዝግታው አስፈላጊ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፔኒሲሊን በእንግዴ ልጁ አልፎ ጽንሱን ራሱን ማከሙ ነው። በቮዢራር በወተት ይደረጋል ተብሎ የታሰበው ከ160 ዓመት በኋላ በደም በኩል ተፈጸመ።

ለነፍሰ ጡር ቂጥኝ እስከ ዛሬ ሌላ የታመነ መድኀኒት አልተገኘም። ኤሪትሮማይሲን ወደ ጽንሱ በበቂ አያልፍም፤ ዶክሲሳይክሊን የልጁን አጥንትና ጥርስ ስለሚነካ አይሰጥም። ስለዚህ ፔኒሲሊን የማይስማማት ነፍሰ ጡር በሆስፒታል በጥቂት በጥቂቱ እንድትለምደው ተደርጋ ይሰጣታል እንጂ ሌላ አይተካላትም። ለጨብጥ ሴፍትሪያክሶን፣ ክላሚዲያ ለተባለው በሽታ አዚትሮማይሲን ስላሉ በእነዚህ ላይ ችግሩ እንዲህ አይጠብም። የቂጥኝ መርፌ ከተወጋች በኋላ በመጀመሪያው ቀን ትኩሳት ሊነሣባት፣ ማኅፀኗም ሊኮማተር ይችላል፤ ይህ በያሪሽና በሄርክስሃይመር ስም የሚጠራው ምላሽ የሚመጣው ባክቴሪያዎቹ በአንድ ጊዜ ስለሚሞቱ ነው። ስለ ትኩሳቱ ተብሎ ግን ሕክምናው አይቀርም።

ስለ ጊዜውም ቢሆን አንድ የቆየ ስሕተት ነበረ። ባክቴሪያዋ ከአምስተኛው ወር በፊት በእንግዴ ልጁ ማለፍ አትችልም ተብሎ በመማሪያ መጻሕፍት ይጻፍ ነበር፤ ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ጊዜ አለ ተባለ። በ1976 ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት በዘጠነኛውና በዐሥረኛው ሳምንት በወጡ ጽንሶች ውስጥ ባክቴሪያዋን አገኙ። ቀደም ሲል የማትታይ የነበረችው ጽንሱ ገና በሽታውን የሚቃወምበት ኀይል ስለሌለው፣ ምልክትም ስለማያሳይ ነው እንጂ ስላላለፈች አልነበረም። እነሆ እንደገና፣ ምልክት ስለጠፋ በሽታ የለም ተብሎ ነበር።

ዛሬ ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ውጤቱ የሚነበብ ምርመራ አለ፤ ሴቲቱ በመጣችበት ቀን ተመርምራ በዚያው ቀን ልትወጋ ትችላለች። በአገራችንም የቂጥኝ ምርመራ ከኤች አይ ቪና ከሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ጋር በቅድመ ወሊድ ክትትል ውስጥ ገብቷል። በ2015 ኩባ ቂጥኝና ኤች አይ ቪ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፋቸውን በማስቀረት በዓለም የጤና ድርጅት የተመሰከረላት የመጀመሪያዪቱ አገር ሆነች። ይሁን እንጂ ይኸው ድርጅት በ2016 በዓለም 661,000 ያህል ጽንሶችና ሕፃናት በቂጥኝ እንደተያዙ፣ ከእነርሱም ከ200,000 የሚበልጡት በማኅፀን ወይም እንደተወለዱ እንደሞቱ ገምቷል።

እኛን እጅግ ያስደነቀን የአሜሪካ ነገር ነው። ፔኒሲሊን በቂጥኝ ላይ መጀመሪያ በተሞከረበት በዚያ አገር በ2012 ቂጥኝ ይዘው የተወለዱት 335 ነበሩ፤ በ2022 ከ3,700 በለጡ። በ2023 ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አጥሮ ከፈረንሳይ እንዲገባ እስከመፍቀድ ደረሱ። የአገሩ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የ2022ቱን መዝገብ እናት በእናት ሲመረምር፣ ከመቶ 37 ያህሉ ከነጭራሹ ያልተመረመሩ ወይም ዘግይተው የተመረመሩ ሆነው ተገኙ። ከመቶ 40 ያህሉ ተመርምረው በሽታው ቢታወቅም ሕክምናው በቂ አልነበረም፤ መርፌው ጎድሏል፣ ወይም ከመውለዳቸው በፊት ሠላሳ ቀን ሳይቀር ተሰጥቷል። ከመቶ 11 ያህሉ ደግሞ መርፌውን ስለማግኘታቸው ምንም ጽሑፍ የለም። ከእነዚህ እናቶች ብዙዎቹ፣ ኮሌስ በደብሊን እንዳዩዋቸው ሴቶች፣ በገላቸው ላይ አንድም ምልክት አልነበረባቸውም።